ለጫካ ቢራቢሮ የሚበቃ ሌንስ፦ ካኖን 55-250 ኤስቲኤም ከእንጦጦ እስከ ሱባ

ለቢራቢሮ ምን ሌንስ ልግዛ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ማክሮ»፣ ማለትም ትንሽ ነገርን በጣም ቀርቦ አጉልቶ የሚያነሳ ሌንስ፣ የሚል ነው። እኛ አንስማማም። ትንሹን ሴንሰር፣ ማለትም ኤፒኤስ-ሲ የሚባለውን፣ የያዘ የካኖን ካሜራ ላለውና ፎቶውን በእንጦጦ፣ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ወይም በመናገሻ ሱባ ለሚያነሳ ሰው፣ ቀድሞ መገዛት ያለበት ካኖን ኢኤፍ-ኤስ 55-250 ሚሊ ሜትር ኤፍ 4-5.6 አይኤስ ኤስቲኤም ነው፤ አይኤስ የምስል ማረጋጊያው፣ ኤስቲኤም የፎከስ ሞተሩ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌንስ ነው። 375 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ሙሉ ቀን አንገት ላይ ቢውል አይከብድም። ጉድለቶች አሉት፣ አንዳንዶቹም ጫካ ውስጥ በደንብ ይሰማሉ። የቢራቢሮን ዋና ችግር የሚፈታ በዚህ ዋጋ ሌላ ሌንስ ግን አናውቅም።

ዋናው ችግር ርቀት ነው። ቢራቢሮ የሚያነሳውን ሰው ጥላና እንቅስቃሴ ቶሎ ያያል፣ ከአንድ ሜትር ወዲህ የተጠጋችሁበት እያንዳንዱ ስንዝር የመብረሩን ዕድል ይጨምራል። ይህ ሌንስ 250 ላይ ተስቦ ከሴንሰሩ እስከ ቢራቢሮው 85 ሳንቲ ሜትር ድረስ ፎከስ ያደርጋል። ከሌንሱ ፊት ሲለካ 60 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነፃ ቦታ ይቀራል ማለት ነው። እዚያ ላይ የሚሰጠው መጠን፣ ማለትም ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል ከእውነተኛው ቢራቢሮ ጋር ሲነጻጸር፣ 0.29 ነው፤ ፍሬሙን የሚሞላው ቦታ ወደ ጎን 77፣ ወደ ላይ 51 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የተዘረጋ ክንፉ ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ብርቱካናማው ዳናውስ ክሪሲፐስ ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር ይይዘዋል። የሎሚና የብርቱካን ዛፍ ቅጠል እየበላ የሚያድገው ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ ከ10 ሳንቲ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ጭራሽ ወደ ኋላ መመለስ ይጠይቃል።

የዙሙ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ቢራቢሮ ገና ሦስት ሜትር ላይ እንዳለ የመጀመሪያውን ፎቶ ታነሳላችሁ፤ ቢበርም ምን ዓይነት እንደነበር የሚያሳውቅ ምስል በእጃችሁ አለ። ከዚያ ሁለት እርምጃ፣ ሌላ ፎቶ፣ ደግሞ ግማሽ እርምጃ። 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ ተመሳሳይ መጠን ለመስጠት ከፊቱ እስከ ቢራቢሮው 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ መጠጋት አለበት። ከ60 ጋር ሲተያይ ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ሐሩር ሲበረታና ቢራቢሮው ሲነቃ ግን ፎቶውን የሚያስገኘውም የሚያስቀረውም ያ ርቀት ነው።

ትንንሾቹ ላይ ስንደርስ ሌንሱ ብቻውን አይበቃም። ላምፒዲስ ቦኤቲከስ የሚባለው ሰማያዊ ቢራቢሮና ሊካይና ፍላያስ የተባለው መዳብ የመሰለ፣ ክንፋቸው ተዘርግቶ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲያጥፉት ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይወርዳል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ወደ ጎን 6000 ፒክስል ስላለው በ0.29 ለአንድ ሚሊ ሜትር 78 ፒክስል ይደርሰዋል፤ ስለዚህ የታጠፈው ክንፍ 1170 ፒክስል ያህል ይወጣዋል። ለስልክ ስክሪንና ለማኅበራዊ ገጽ ይበቃል። በኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (ነጥብ በኢንች) ለማተም ግን በረጅሙ ጎን 3508 ፒክስል ያስፈልጋል፣ ሩቅ ነው።

ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። የምንመርጠው ከፊት የሚጠመዘዝ የካኖን 500ዲ ክሎዝ-አፕ ሌንስ ነው። የሌንሳችን የፊልተር ጥምዝ 58 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ባለ 58ቱን ውሰዱ። የማጉላት ኃይሉ 2 ዳዮፕተር ነው፤ ዋናው ሌንስ ወደ ሩቁ ፎከስ አድርጎ ሳለ ቢራቢሮው ከፊቱ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ይጠራል፣ በ250 ደግሞ መጠኑ 0.5 ይደርሳል። ብርሃን አይበላም፣ ካሜራው ምንም ማስተካከያ አይፈልግም፣ የሌንሱ የፊት ክፍል በፎከስ ጊዜ ስለማይዞር ሲጠመዘዝም ሲፈታም አያስቸግርም። ሱቅ ስትጠይቁ ግን «500ዲ» ብቻ አትበሉ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ የካኖን ካሜራ አለና። «ክሎዝ-አፕ ሌንስ፣ ባለ 58» ብላችሁ ጠይቁ። 250ዲ የሚባልም ክሎዝ-አፕ ሌንስ አለ፣ እሱም ስሙን ከካሜራ ጋር ይጋራል፤ 4 ዳዮፕተር ስለሆነ ርቀቱን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ያወርደዋል፣ ለቢራቢሮ አይመከርም። በርካሽ በጥቅል የሚሸጡት ባለ አንድ መስታወት ክሎዝ-አፕ ፊልተሮች ደግሞ በነጭ ቢራቢሮ ክንፍ ጠርዝ ላይ ወይን ጠጅና አረንጓዴ መስመር ያወጣሉ። 500ዲ ሁለት መስታወት ተጣምረው የተሠራ በመሆኑ ይህ ችግር እጅግ ያነሰ ነው።

ሁለተኛው መንገድ በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ የማራዘሚያ ቀለበት ነው። 25 ሚሊ ሜትር ቀለበት በ250 ላይ መጠኑን ወደ 0.4 አካባቢ ያደርሰዋል። በምላሹ ሩቁን ይወስድባችኋል፤ ከ2 ሜትር ተኩል ገደማ በላይ ያለ ነገር ፎከስ አይገባም። ቢራቢሮ ከሩቅ መጥቶ ሲያርፍ ማየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ እክል ነው። አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን፦ የኤሌክትሪክ መነካኪያ የሌለውን ቀለበት አትግዙ። ይህ ሌንስ ፎከስ የሚያደርገው በሞተር ብቻ ነው። የፎከስ ቀለበቱን በእጅ ስታዞሩትም መስታወቱን የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ ነው። መነካኪያ ከሌለ ኤሌክትሪክ የለም፣ ኤሌክትሪክ ከሌለ አውቶም ማንዋልም ፎከስ የለም፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ አፐርቸሩም፣ ተከፍቶ ይቀራል። ለአሮጌ ሌንስ የሚሠራው ርካሽ ቀለበት ለዚህኛው ምንም አይጠቅምም።

አሁን ፎቶ ላይ በብዛት የሚበላሸውን እንይ። በ0.29 መጠን፣ በኤፍ 8 (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር አፐርቸሩ ይጠባል)፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በኤፍ 5.6 ከሦስት ሚሊ ሜትር ብዙም አይዘልም። 500ዲ ጨምራችሁ 0.5 ስትደርሱ በኤፍ 8 ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ጥራት የሚገኘው አፐርቸር ከመዝጋት ይልቅ ካሜራውን ከክንፉ ጋር ትይዩ ከማድረግ ነው። ክንፉን አጥፎ ከቆመ፣ በጎኑ ዞራችሁ የካሜራው ጀርባና ክንፉ ትይዩ እስኪሆኑ ድረስ ቀስ ብላችሁ ተስተካከሉ። ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ የሚሞቅ ከሆነ ከላይ ወደ ታች ማየት አለባችሁ። በአግድም የተነሳ ቢራቢሮ የቅርቡ ክንፍ ይጠራና የሩቁ ይደበዝዛል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ሌንሱን ይወቅሳል፣ ሌንሱ ግን ጥፋት የለበትም። ኤፍ 8 መነሻችን ነው፣ ለትንንሾቹ ኤፍ 11። ከዚያ በላይ መዝጋት በዚህ ሴንሰር ላይ የክንፉን ቅርፊት ማለስለስ ይጀምራል።

ፎከሱ ፈጣንና ድምፅ የለሽ ነው፣ ቢራቢሮውን አያስደነግጥም። ደካማ ጎኑ፣ የፎከስ ርቀትን የሚገድብ ማብሪያና ማጥፊያ የለውም። በጎኑ ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፦ የአውቶ ፎከስና የምስል ማረጋጊያ። ስለዚህ ነጥቡ ከቢራቢሮው ስቶ ከኋላ ያለውን ሣር ከያዘ ከቅርብ እስከ ሩቅ ድረስ ተመላልሶ ይፈልጋል፤ እስኪመለስ ቢራቢሮው ይሄዳል። መላው ይህ ነው፦ ከመጠጋታችሁ በፊት አንድ ሜትር ላይ ያለ ቅጠል ወይም የራሳችሁን ጫማ ፎከስ አድርጉና ርቀቱን አቅርባችሁ ያዙ። ከዚያ ወደ ቢራቢሮው ስትዞሩ ትንሽ ነገር ብቻ ይቀረዋል። አንድ የፎከስ ነጥብ ብቻ ምረጡ፣ በዓይኑ ወይም በደረቱ ላይ አድርጉት፣ ሦስት አራት ፎቶ አከታትላችሁ አንሱ። ሰውነታችን ራሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚወዛወዝ፣ ከአራቱ አንዱ በትክክለኛው ሚሊ ሜትር ላይ ይወድቃል። ትራይፖድ ለዚህ ሥራ ይዘገያል፤ የግራ እጃችሁን የምታሳርፉበት አንድ ዱላ ይበልጠዋል።

የሌንሱ ትልቁ ድክመት ብርሃን ነው። ረፋድ ላይ ጥርት ባለ ፀሐይ አይኤስኦ (ሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ ኤፍ 8 አድርጋችሁ የ1/1600 ሰከንድ ፍጥነት ታገኛላችሁ። ይህ አበባ ላይ ሆኖ ክንፉን ሳያቋርጥ የሚያርገበግበውን ፓፒሊዮ እንኳ ያቆመዋል። ከሐበሻ ጥድና ከዝግባ ሥር ስትገቡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኤፍ 5.6 ከፍታችሁ፣ አይኤስኦን 1600 አድርሳችሁ 1/250 ብታገኙ ዕድለኞች ናችሁ። የምስል ማረጋጊያው በካኖን አገላለጽ እስከ 3.5 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃንን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው) ይረዳል፤ የሚያረጋጋው ግን የእናንተን እጅ ነው፣ በነፋስ የሚወዛወዘውን ቅርንጫፍ አያቆምም። በጥላ ሥር ብልጭታ መጠቀም ግድ ከሆነ የሌንሱን ኮፍያ፣ ኢቲ-63ን፣ አውልቁ። ከካሜራው አናት የሚነሳው ብልጭታ የኮፍያውን ጥላ ከታች በኩል ይጥላል። ፍጥነቱም ከ1/200 እንዳይበልጥ፤ ኃይሉን አንድ ስቶፕ ከሲሶ ቀንሱት፣ አለበለዚያ የክንፉ ቀለም ቀልጦ የተነሳ ይመስላል።

ነጭና ቢጫ ቢራቢሮዎችን፣ ለምሳሌ ቤሌኖይስ አውሮታን ወይም ካቶፕሲሊያ ፍሎሬላን፣ በጨለማ ቅጠል ላይ ስታነሱ ካሜራው በቅጠሉ ይታለልና ክንፉን ያነጣዋል። በሁለት ሲሶ ስቶፕ ቀንሱ። ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያልጨመቀውን ጥሬ ፋይል፣ አድርጎ ማንሳት ያግዛል፣ ሙሉ በሙሉ የነጣን ክንፍ ግን ሮውም አይመልሰውም።

ለዚህ ሌንስ የሚመቸው የጫካው ጠርዝ ነው። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ከከተማው በላይ ያለውን ተራራ በሰፊው ሸፍኖታል፤ ጥቅጥቅ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ግን የሚያብብ ቁጥቋጦ ስለማይበዛ ቢራቢሮውም ጥቂት ነው። በእንጦጦ ከባሕር ዛፉ መካከል አልፋችሁ ጥድ፣ ወይራና ቀጋ ወዳለበት ክፍት ቦታ ሂዱ። 705 ሄክታር የሚሸፍነው የጉለሌ ማዕከል አገር በቀሉ ዕፅዋት እየተተከለ ስለሆነ የመንገዱ ዳርና የቁጥቋጦው ጥግ የተሻለ ነው። በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው መናገሻ ሱባ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት የቆየ ደን ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ሌንሱን እንዳልነው ያስቸግረዋል፤ በዛፎቹ መካከል ፀሐይ የሚገባባቸው ክፍተቶችና የጅረቱ ዳር ግን በደንብ ይሠራሉ። የትኛውም ቦታ ሂዱ፣ ትልቅ ካሜራ ይዞ ስለመግባት በር ላይ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዋናው ወቅት ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ክረምቱ ውስጥም ቢሆን ሰማዩ ለሁለት ሰዓት ከተከፈተ ቢራቢሮ ይወጣል። ከ2500 ሜትር በላይ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ፣ ጠዋት ገና ክንፋቸውን ሳያሞቁ መብረር አይችሉም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ድንጋይ ወይም የደረቀ ቅጠል ላይ ይቆያሉ፣ እስከ 85 ሳንቲ ሜትርም ያስጠጋሉ። ከ6 ሰዓት በኋላ ያው ቢራቢሮ ሁለት ሜትር ላይ ይሸሻል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ደመናና ነፋስ አለ።

ቢራቢሮውን ከማሳደድ አበባ መርጦ መጠበቅ ይሻላል። ኮሸሽላ ላይ ያረፈ ቫኔሳ ካርዱይ ቶሎ አይሄድም፤ ክቡ አበባ ብዙ ትንንሽ አበቦች የተሰበሰቡበት ስለሆነ ምላሱን ከአንዱ ወደ ሌላው እያስገባ ዙሪያውን ይዞራል። የሚዞርበትን አቅጣጫ አይታችሁ ከፊቱ ቆሙና ወደ እናንተ እስኪመጣ ጠብቁ። አደይ አበባ፣ ጦስኝና ግራዋም ጥሩ ናቸው። ለሊካይና ፍላያስ ከቱልትና ከእምቧጮ አጠገብ መፈለግ ነው፣ አባጨጓሬው የዚያን ወገን ተክል ይበላልና። በመንገድ ላይ እርጥብ ጭቃ ካያችሁ ደግሞ ቀስ በሉ፤ ወንዶቹ ጨው ፍለጋ ይሰበሰባሉ፣ ሲመጡ ለረጅም ጊዜ አንገታቸውን አያነሱም። እዚያ ላይ ተንበርክካችሁ ካሜራውን መሬት አስነኩት። ጥላችሁ እንዳያርፍባቸው ፀሐዩ ከጎናችሁ ይሁን፣ ያረፉበትንም ቅርንጫፍ አትንኩ።

ቻራክሲስ የሚባሉት ትልልቅና ኃይለኛ በራሪዎች አበባ ላይ ስለማይመጡ በሌላ መንገድ ይጠራሉ። የበሰለ ሙዝ ከነልጣጩ ጨፍልቃችሁ፣ የጠላ አተላ ጨምራችሁ ለሁለት ቀን በተከደነ ዕቃ አስቀምጡት። ከዚያ ብርሃን ባለበት የዛፍ ግንድ ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍታ ቀቡት፤ ቆማችሁ በ85 ሳንቲ ሜትር ለማንሳት የሚመች ከፍታ ነው። በተጠበቀ ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ አይደረግም።

ዓይነቱን ለመለየት ለምትፈልጉ፣ የክንፉን ላይም ታችም አንሱ። ሰማያዊዎቹ የሚለዩት በታችኛው ገጽ ባለው ነጥብና መስመር ነው። ዳናውስ ክሪሲፐስ ጣዕሙ ለወፍ መራራ ስለሆነ ዘና ብሎ ይበራል፣ ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። የሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ሴት ግን እሱን መስላ ትኖራለች። ልዩነቱ በኋላው ክንፍ ላይ ነው፦ ዳናውስ መሃል ላይ ሦስት ጥቁር ነጥብ አለው፣ ወንዱ ሽታ የሚያወጣበት አራተኛ ይጨመርለታል። ሂፖሊምናስ ከፊት ጠርዝ አጠገብ አንድ ብቻ አላት። ፊት ክንፉ ጠርቶ የኋላው የደበዘዘ ፎቶ እንግዲህ ሁለቱን ለመለየት አይረዳም።

አካሉ ፕላስቲክ ነው፣ ከካሜራው ጋር የሚገጥመው ቀለበትም ጭምር። በጥንቃቄ ለያዘው ይቆያል። ውኃ አይከላከልም፤ ጥቅጥቅ ያለ የፕላስቲክ ከረጢት በኪስ ይዞ መሄድ ግድ ነው። ቤት ስትገቡ እርጥብ ቦርሳ ውስጥ አትተዉት። በክረምት እርጥበት መስታወቱ ውስጥ ሻጋታ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ማጽዳቱ ከሌንሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሲሊካ ጄል አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ትልቅ ሴንሰር ያለው የካኖን ካሜራ ያላችሁ አትግዙት፣ ባለ ትልቅ ሴንሰር ከሆኑት የኢኤፍ ካሜራዎች ጋር አይገጥምም። በአዲሶቹ መስታወት አልባ (ሚረርለስ) የኢኦኤስ አር ካሜራዎች ላይ በአስማሚ ይሠራል፤ በትልቁ ሴንሰር ላይ ግን ምስሉ ይቆረጣል። የቢራቢሮ እንቁላል፣ ገና የተፈለፈለ አባጨጓሬ ወይም የክንፉን ቅርፊት ብቻ ማንሳት የምትፈልጉም እውነተኛ ማክሮ ነው የሚያስፈልጋችሁ፤ ለዚያ 100 ሚሊ ሜትር ማክሮ አንድ ለአንድ መጠን ይሰጣል፣ እንቁላልም አይበርም።

ያገለገለ ስትገዙ በመጀመሪያ ጎኑ ላይ «ኤስቲኤም» የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ። የቀደመው አይኤስ 2 በቁጥሩ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ግን ከ1 ሜትር ከ10 በታች አይጠጋም፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ የፊት ክፍሉም ስለሚዞር ክሎዝ-አፕ ሌንስ ለማድረግ አይመችም። ቀጥሎ ከኋላ በኩል የስልክ መብራት አብሩበትና ከፊት ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ጥቂት አቧራ ግን ችግር የለውም። ካሜራ ላይ ግጠሙት፣ 250 ላይ ሳቡት፣ አንድ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ከ85 ሳንቲ ሜትር ፎከስ አድርጉ። ጽሑፉ በኤፍ 5.6 ጥርት ብሎ ካልተነበበ ወድቆ የተነቃነቀ መስታወት ሊኖረው ይችላል። ማረጋጊያውን አብርታችሁ መዝጊያውን በግማሽ ስትጫኑ በማሳያው ያለው ምስል ዝም ማለት አለበት፤ የሚዘልና የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ተዉት።